ከአዲስ አበባ ሳልርቅ በአንድ ቀን 200 ኪሎ ሜትር፦ መስመሩን እንዴት ላውጣው?

ፀደይ ከአያት

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ በአንድ ቀን 200 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ለመንዳት አስቤአለሁ። ከቤቴ ተነስቼ ቤቴ መግባት እፈልጋለሁ፤ ሌላ ከተማ ማደርም ሆነ ብስክሌቱን በመኪና ማስጫን አልፈልግም። እስካሁን የታየኝ ደብረ ብርሃን ደርሶ መልስ ወይም አዳማ ደርሶ መልስ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ አቅም ቢከዳኝ ወይም አንድ ነገር ቢሰበር ግን የሁለቱም መመለሻ ያሳስበኛል።

ብስክሌቱ ባለ 26 ማውንቴን ነው፤ ማርሹ ፊት 3 ኋላ 8፣ ጎማው ጥርሳም። በአንድ ቀን 90 ኪሎ ሜትር አይከብደኝም፣ አማካይ ፍጥነቴ በሰዓት 17 ነው። መስመሩን እንዴት ላውጣ? ስንት ሰዓት ልነሳ? ምን ልያዝ? ቀኑ ጾም ላይ ስለሚውል ምን ልብላ?

ዙር በዙር

እህቴ ፀደይ፣ ሁለቱንም ተያቸው። ደብረ ብርሃን ከመሀል አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከአያት ብትነሺ እንኳ ደርሶ መልሱ 200ን በደንብ ያልፋል። የአዳማው በርቀቱ ልክ ነው፤ አቀማመጡ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናት፤ ጠዋት በሙሉ ጉልበትሽ ቁልቁል ትወርጂና ከሰዓት ደክመሽ ዳገቱን ትጋፈጫለሽ። የፍጥነት መንገዱ ብስክሌት አያስገባም፤ አሮጌው መንገድ ደግሞ ከቃሊቲ እስከ ሞጆ ተሳቢ አይጠፋበትም።

ቤትሽን እምብርት አድርጊው። እንደ አደይ አበባ ቅጠል ከመሀል ወጥተው መሀል የሚመለሱ ዙሮች አውጪ። ከአያት ሰንዳፋ 22 ወይም 23 ኪሎ ሜትር፣ አለልቱ 40 ያህል ነው። ስለዚህ፦

ዙር 1፦ አያት – ሲኤምሲ – መገናኛ – ቦሌ – አያት፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል
ዙር 2፦ አያት – ሰንዳፋ – አለልቱ – አያት፣ 80
ዙር 3፦ አያት – ሰንዳፋ – አያት፣ 45
ዙር 4፦ ዙር 3ን ድገሚው፣ 45

ድምሩ 200 ነው። ትክክለኛውን ርቀት ከራስሽ በር ለኪው፤ በየዙሩ የጎደለች 2 ኪሎ ሜትር መጨረሻ ላይ ተጠራቅማ በጨለማ የምትነዳ 8 ኪሎ ሜትር ትሆናለች።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። የከተማው ዙር ጎህ ሳይቀድ ይሁን፤ መንገዱ መብራት አለው፣ መኪናም የለም። ያንኑ ዙር ከሰዓት ብታደርጊው መገናኛ ላይ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይበላሻል። ረጅሙን ዙር ጠዋት አስገቢው፤ ጉልበትሽ ገና ነው፣ ነፋሱም አልተነሳም። ከሰዓት ሲሆን ከቤትሽ ከ23 ኪሎ ሜትር በላይ አትርቂም፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ከሰንዳፋ ሚኒባስ አለ፣ ብስክሌቱም ጣራ ላይ ይጫናል።

በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ነው፤ ረፋዱ ላይ ይነሳና ከሰዓት ይበረታል። ስትሄጂ ፊት ለፊት ይገፋሻል፣ ስትመለሺ ከኋላ ያግዝሻል። መመለሻው ወደ ከተማው ስለሚያጋድል ሰንዳፋ ላይ ስትዞሪ የቀረሽ ቀላሉ ግማሽ ነው። ወደ ምዕራብ ብታወጪው፣ ለምሳሌ ሆለታ ደርሶ መልስ፣ ይህ ሁሉ ይገለበጣል፤ ቡራዩ ላይ ያለው ጭንቅንቅም አለ።

ቀኑን ግን ከኅዳር ወደ ጥር ውሰጂው። አንደኛ፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ኅዳር መጨረሻ ጾም ነው፤ ከገና በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ግን ከጥምቀት ጋድና ከነነዌ ጾም በቀር የምትጾሚው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። ሁለተኛ ብርሃኑ ነው። ኅዳር ላይ ፀሐይ ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ጥር አጋማሽ ካለፈ እስከ 12 ሰዓት ከ25 ድረስ አለች። ንጋቱ ቢዘገይም ያንን ጊዜ በመብራት ከተማ ውስጥ ስለምትነጂ አይጎዳሽም። ጥር የሠርግ ወር በመሆኑ እሑድን ተዪው፤ የሙሽራ አጀብ ከኋላ ቢመጣብሽ ዳር አይሰጥሽም። ቅዳሜ ይሻላል።

በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ስናሰላው፦ ከሌሊቱ 11፡00 ተነሺ፤ ዙር 1ን 12፡45 ትጨርሻለሽ። ከ15 ደቂቃ በኋላ፣ ልክ ጠዋት 1፡00 ሰዓት፣ ዙር 2ን ጀምሪ። አለልቱ ላይ 15 ደቂቃ ቆመሽም ከቀኑ 6፡00 አካባቢ ቤት ትደርሻለሽ። ለምሳ ግማሽ ሰዓት፤ 6፡30 ዙር 3፣ 9፡10 መመለስ፣ 15 ደቂቃ ዕረፍት፣ ከዚያ ዙር 4። ቤት የምትገቢው ምሽት 12፡05 ገደማ ነው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ትርፍ 20 ደቂቃ ብቻ መሆኑን ልብ በዪ፤ አንድ ጎማ ቢተነፍስ ይበላዋል። ስለዚህ የኋላ መብራቱ ቻርጅ እስከ ማታ መቆየት አለበት።

ካርታ አንባቢ

ዙር በዙር ባለው ላይ ስለ ካርታው ልጨምር።

መስመሩን ኮሙት ወይም ራይድ ዊዝ ጂፒኤስ ላይ ስታወጪ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲመርጥልሽ አትተዪው። እኛ አገር የብስክሌት መስመር ሲጠየቅ የእግር መንገድና ኮብልስቶን ውስጥ ያስገባል፤ ካርታው ላይ መንገድ ተብሎ የተሠመረው አንዳንዴ የከብት መሄጃ ነው። ነጥብ በነጥብ በእጅሽ አውጪው፣ ከዚያ በሳተላይት ምስል ከላይ እስከ ታች እዪው። አስፋልቱ ጥቁር ግራጫ፣ ፒስታው ቡናማ ሆኖ ይታያል። ምስሉ ግን የቆየ ሊሆን ስለሚችል በግንባታ ላይ ያለ መንገድ አያሳይሽም። የከተማውን ዙር በዋዜማው ሳምንት አንድ ጠዋት ነድተሽ ማየት ግድ ነው።

አራቱን ዙሮች አራት የተለያዩ ጂፒኤክስ (የመስመር መያዣ) ፋይሎች አድርገሽ አስቀምጪ። በአንድ ፋይል ካደረግሻቸው ያው መንገድ በላዩ ላይ ስለሚደራረብ ስልኩ የትኛው ዙር ላይ እንዳለሽ ይምታታበታል፤ መታጠፊያውም ላይ ቀጥዪ ይልሻል። ኦስምአንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ቀድመሽ አውርጂ። ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጊው፤ ጂፒኤሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፣ ባትሪው ግን ብዙ ይቆያል።

ዳገቱን በድምር ብቻ አትመዝኚ። የጠቅላላውን ሽቅብ ሜትር ለኪሎ ሜትሩ አካፍዪው፦ እስከ 10 ሜትር ድረስ በአንቺ ፍጥነት የሚቻል ቀን ነው፤ ከ15 ካለፈ 17ቱ ወደ 14 ይወርዳል ብለሽ አስቢ። በ14 ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት 14 ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል። እንጦጦን ወይም ሱሉልታን በዚህ ቀን አታስገቢ የምልሽ ለዚህ ነው። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም 5 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት 400 ሜትር ያህል ያስወጣል። ለልምምድ ወርቅ ነው፤ ለ200 ቀን ግን እግርሽን ይጨርሰዋል። ለልምምድም ቢሆን ጎህ ሳይቀድ ጫካው ጠርዝ ጅብ ስላለ ፀሐይ ወጥታ ሂጂ።

ጎሚስታው

መስመሩ ተነግሯል፣ እኔ ስለ ብስክሌቱ።

ጥርሳሙን ጎማ ቀይሪው። በዚህ ቀን ላይ ከምታወጪው ገንዘብ ሁሉ ዋጋ ያለው ይሄ ነው። 26 በ1.75 ልሙጥ ግዢ፤ 26 በ1.5 ካገኘሽም ጥሩ ነው፣ ጉድጓድ ላይ ግን ቸርኬውን ይመታል። ለ65 ኪሎ ሰው በ1.75 ጎማ ኋላ 50፣ ፊት 45 ፒኤስአይ በቂ ነው። ጎሚስታ ቤት የምታስነፊ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ ለአይሱዙ ጎማ የተዘጋጀ መሆኑን አትርሺ፤ በአንድ ትንፋሽ ከመነዳሪውን ያፈነዳዋል። ጠብ ጠብ እያደረገ እንዲነፋው ንገሪው፣ በየመሀሉ በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። ቫልቭሽ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ የጎሚስታው አፍ አይገጥመውም፤ ማስተካከያ ጫፍ ያዢ።

በዚያ መስመር ጎማ የሚበሳው ከእሾህ ይልቅ ሽቦ ነው። የፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ አስፋልቱ ዳር ይበተናል፤ ውስጡ ያለው የብረት ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ርዝመቱ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ሆኖ ጎማሽ ውስጥ ይገባል። በዓይን አይታይም፣ በጣትም አይያዝ። ብዙ ሰው ከመነዳሪውን ለጥፎ ይገጥምና 3 ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ያው ቦታ ላይ ይበሳበታል። መፍትሔው ይኸውልሽ፦ ከመነዳሪውን ስታወጪ ቫልቩ ጎማው ላይ የት ጋ እንደነበረ ምልክት አድርጊ። ቀዳዳውን ፈልጊና ከቫልቩ ያለውን ርቀት ወደ ጎማው አምጪው፤ ሽቦው እዚያው ነው። ጥጥ ወይም ስስ ጨርቅ በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀስታ አዙሪ፣ ሽቦው ጥጡን ይዞ ያስቀረዋል። ከዚያ በወረንጦ ከውጭ በኩል ንቀዪው። ወረንጦ ከሌለሽ መንገድ ላይ የሚያወጣልሽ ነገር የለም፤ ክብደቷ ደግሞ ምንም ነው።

ሌላው የምትይዢው፦ 2 አዲስ ከመነዳሪ፣ ልጣፊና ማስቲሽ፣ 2 የጎማ ማውጫ፣ የእጅ መንፊያ፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ፣ የካቴና መፍቻና ለባለ 8 ማርሽ የሚሆን ማገናኛ። ማስቲሹ አንዴ ከተከፈተ በጥቂት ወር ውስጥ ይደርቃል፤ ከመውጣትሽ በፊት ጨምቀሽ እዪው።

ካቴናውን በማስመሪያ ለኪ። 24 ፒን፣ ማለትም 12 ሙሉ ዐይን፣ አዲስ ሲሆን 305 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ከደረሰ ቀይሪው፤ ከዚያ በላይ ካለፈ የኋላ ማርሹን ጥርስ ስለሚበላ ሁለቱንም መግዛት ይመጣል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት አትቀቢው፤ አቧራ ጠርቶ አሸዋ ወረቀት ያደርገዋል። ቀጭን ዘይት በየዐይኑ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ቆይተሽ ላዩን ደረቅ አድርገሽ ጥረጊ።

መቀመጫው፦ ተረከዝሽን ዝቅ ያለው ፔዳል ላይ አድርጊ፤ ጉልበትሽ ልክ ቀጥ ካለ ቁመቱ ትክክል ነው። ረጅም ርቀት ላይ ጉልበት ፊት ለፊቱ ካመመ መቀመጫው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ ካመመ ከፍ ብሏል። በቀኑ ዋዜማ ግን ምንም ነገር አትቀይሪ፤ የምትቀይሪው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው።

በሶ በማር

ስለ ምግብ እኔ ልመልስልሽ፣ እህቴ።

መጀመሪያ አንድ ነገር፦ እስከ 9 ሰዓት አፍሽን ሳትፈቺ 200 ኪሎ ሜትር አይነዳም። ጀግንነት ሳይሆን ሰውነትሽን መጉዳት ነው። ቀኑን ወደ ጥር ማዛወሩ ለዚህም ይጠቅማል። ከታች የምጽፈው ግን ሁሉም የጾም ምግብ ነው፣ ምክንያቱም ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ እየነዱ ሆድ ላይ ይከብዳሉ።

በየሰዓቱ ከ50 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር (ካርቦሃይድሬት) ያስፈልጋል። ለአንድ ሰዓት ከነዚህ አንዱን፦ 50 ግራም በሶ (ስድስት የሾርባ ማንኪያ ያህል) ከ2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር፤ ወይም ሁለት ሙዝ፤ ወይም 10 ትንንሽ ቴምር። በሶውን ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምረሽ በትንሽ ውሃ እሺውና እንቁላል በሚያህል መጠን ጭብጦ አድርጊው። ስታሺው ውሃ ካበዛሽ ላስቲክ ላይ ይጣበቃል፣ ካሳነስሽ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ስትጨብጪው ሳይፈርስ እጅሽን ካላጣበቀ ልኩ ነው። ጠዋት የታሸ እስከ ማታ አይበላሽም። ቆሎ ለዕረፍት ጊዜ ይሁን፤ እየነዱ ማኘክ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ብዙ ከተበላም ሆድ ይነፋል።

በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ብዪ። ሲርብሽ ከጀመርሽ አልፎሻል፤ ከዚያ ለመመለስ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ውሃ፦ በሰዓት ከግማሽ እስከ 3/4 ሊትር። ለአንድ ሊትር ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ፋርማሲ የሚሸጠው የተቅማጥ ንጥረ ነገር ጨው አለው እንጂ ስኳሩ ለዚህ ሥራ ትንሽ ነው፤ እሱን ከያዝሽ በሶውን አትቀንሺ። ጠዋት በጥር ብርድ ጥም አይሰማም፤ ቢሆንም ጠጪ፣ ደረቁ አየር በትንፋሽ ብቻ ያደርቅሻል። ዙር 2 ላይ ለ5 ሰዓት ያህል ወደ 3 ሊትር ስለሚያስፈልግ ሁለት 750 ጠርሙስ ይዘሽ አለልቱ ላይ ሙዪው።

ፀደይ ከአያት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥር ተስማምቶኛል። ሁለት ነገር ቀረኝ። በየዙሩ በቤቴ በር ሳልፍ ገብቼ እዚያው ብቀርስ? የሰንዳፋ መንገድ በዚያ ቀን ሰላም ባይሆንስ?

ዙር በዙር

ስለ መጀመሪያው፦ ዕቃሽን ቤት ውስጥ አታስቀምጪ። ከግቢው በር አጠገብ፣ ወይም የምታምኚው ሱቅ ጋ፣ በአራት ፌስታል ከፋፍለሽ አኑሪው፤ በእያንዳንዱ ላይ የዙሩን ቁጥር ጻፊ። ውስጡ የዚያ ዙር ጭብጦ፣ የተለካ ጨውና ስኳር፣ ዙር 2 ላይ የፀሐይ ቅባት፣ ዙር 4 ላይ መለወጫ ካልሲና ቻርጅ የተደረገ መብራት ይኑር። ጫማ አታውልቂ። የስልክ ማንቂያ 15 ደቂቃ ላይ ሙዪ። ጊዜ የሚያልቀው ፔዳል ላይ ሳይሆን ቆሞ ዕቃ በመፈለግ ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ ያለው ዕረፍት ሁሉ ተደምሮ 1 ሰዓት ከሩብ ያህል ነው፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ካደረግሽው በጨለማ ትገቢያለሽ።

ስለ ሰላሙ፦ በዋዜማው ምሽት ላምበረት መናኸሪያ ከደብረ ብርሃን መስመር የገቡ ሾፌሮችን ጠይቂ፤ ያን ቀን መንገዱን ያዩት እነሱ ናቸው። ጠዋትም ዙር 1 ላይ መገናኛ ስታልፊ የሰንዳፋ ሚኒባሶች እየጫኑ መሆኑን እዪ። ካልወጡ አንቺም አትውጪ። በሁለቱ መሀል ጥርጣሬ ካለሽ አለልቱን ሰርዘሽ ከከተማ ሳትወጪ በአያት፣ በሰሚትና በፊጋ መሀል አጭር ዙር አድርጊ። 200 ባይሞላም ቀኑ ለልምምድ ይሆናል። ቀለበት መንገዱን ግን አማራጭ አታድርጊው፤ ዳር የለውም፣ መኪናውም ፈጣን ነው።

ጎህ ሳይቀድ የምታስቸግርሽ ውሻ ናት። ብትሮጪ ትከተልሻለች። ፍጥነት ቀንሺ፣ ከተጠጋች ውረጂና ብስክሌቱን በመሀላችሁ አድርገሽ እየገፋሽ ሂጂ፤ የሩጫው ነገር ሲቀር ትተዋለች።

ከቨርጂኒያ

ለፀደይ የሚጠቅም መለኪያ ላቀብል። የረጅም ርቀት ነጂዎች በኦዳክስ ሥርዓት 200 ኪሎ ሜትርን በ13 ሰዓት ተኩል፣ 300ን በ20፣ 400ን በ27፣ 600ን በ40 ሰዓት ውስጥ መጨረስ አለባቸው፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከነዕረፍቱ ነው። በየ4 ዓመቱ የሚደረገው ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ 1,200 ኪሎ ሜትር በ90 ሰዓት የሚያልቀው በዚሁ ሥርዓት ነው። ከላይ የወጣው ሠንጠረዥ 13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ስለሆነ ውስጡ ነው።

እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ላላችሁም ያው ዘዴ ይሠራል። ከሸርሊንግተን ፐርሰልቪል ያለው የድሮው የባቡር ሐዲድ የብስክሌት መንገድ 72 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 144። በፎር ማይል ረን በኩል ከማውንት ቨርነን መንገድ ጋር ይገናኛል፤ እሱ 29 ነው፣ ደርሶ መልስ 58። ሁለቱን ስትደምሩ 200 ያልፋል፣ አልክሳንድሪያ ወይም አርሊንግተን የሚኖር ሰው ደግሞ መሀል ላይ በቤቱ በኩል ያልፋል።

ካርታ አንባቢ

ፀደይ፣ ከ90 በቀጥታ ወደ 200 አትዝለዪ። ኅዳር መጨረሻ ያሰብሽውን ቀን ለዙር 1 እና ዙር 2 አድርጊው፤ 110 ኪሎ ሜትር ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ዙር 2፣ 3 እና አንድ አጭር፣ 140 ያህል። በጾሙ ወቅት ስለሚውሉ ቅዳሜን መርጠሽ ጠዋት ብዪና ውጪ፤ አፍ የምትፈቺው 9 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ቀን ከገና በኋላ አድርጊና 200ውን ወደ ጥር የመጨረሻው ቅዳሜ ግፊው።

በሁለቱም ቀን አንድ ቁጥር ጻፊ፦ ሰንዳፋ ደርሰሽ ለመመለስ ምን ያህል ወሰደብሽ፣ ጠዋት ስንት፣ ከሰዓት ስንት። ጠዋት 2 ሰዓት ከ40 ሆኖ ከሰዓት 3 ሰዓት ከ10 ካለፈ የ200ው ሠንጠረዥ አይበቃሽም፤ መነሻውን ወደ 10፡30 አምጪው።